የመዝገብ ቤት ፋይል በአርኤፍአይዲ መከታተል፦ ከቆጠራ እስከ ርክክብ ዝርዝር መመሪያ

«ጋሼ፣ ፋይልዎ ተመርቷል፤ ግን ማን ጋ እንዳለ አላወቅንም። ነገ ብቅ ይበሉ።» ከቱሉ ዲምቱ እስከ የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ እየሰፋች በሄደችበት ዳር ሁሉ፣ ይህን ያልሰማ ባለጉዳይ ጥቂት ነው። መፍትሔ ተብሎ አርኤፍአይዲ፣ ማለትም በሬዲዮ ሞገድ መለያ ቁጥር የማንበብ ቴክኖሎጂ፣ ይመጣል፦ ፋይሉ ላይ የሚለጠፍ ታግና ታጉን የሚያነብ ሪደር ይገዛል፣ ታጉ ይለጠፋል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ሪደሩ መሳቢያ ይገባል። መዝገብ ቤቱም ወደ ድሮው ደብተር ይመለሳል።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መሠራት ያለበት መጨረሻ ላይ ይሠራል፣ ወይም ጭራሽ ይዘለላል። ይህ መመሪያ ለወረዳና ለክፍለ ከተማ መዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ለአይቲ ባለሙያዎችና ለኃላፊዎቻቸው ነው። ሰነዱን ስካን ስለማድረግ አያወራም። የሚያወራው ወረቀቱ ራሱ አሁን ማን እጅ እንዳለ ስለማወቅ ነው።

መሣሪያው የሚችለውና የማይችለው

ታግ ባትሪ የሌለው ቀጭን ተለጣፊ ነው። ውስጡ ትንሽ ቺፕና አንቴና አለ። ሪደሩ የሬዲዮ ሞገድ ሲልክበት ከዚያው ሞገድ ኃይል ወስዶ ቁጥሩን ይመልሳል። ፋይሉን ሳትከፍቱና ከመደርደሪያ ሳታወርዱ ይነበባል።

ታጉ ግን ጂፒኤስ አይደለም። ሲስተሙ የሚነግራችሁ አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ የተነበበው በዚህ ጠረጴዛ፣ በዚህ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ሪደር በሌለበት መንገድ ከሄደ ሲስተሙ አያውቅም። ይህን ለኃላፊዎች ግዢው ከመጀመሩ በፊት ንገሯቸው። ካልተነገራቸው ገና በመጀመሪያው ወር «ሲስተሙ ዋሸ» ይባላል፤ ሥራውም እዚያው ይቆማል።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትገዙ የፋይሉን ጉዞ ጻፉ

1. ዛሬ ከመዝገብ ቤት ውጭ ያሉ 20 ፋይሎች ምረጡ።
2. እያንዳንዱን ተከትላችሁ ሂዱ። ማን ተቀበለው? ቡድን መሪው ጋ ስንት ቀን ተኛ? ባለሙያው መስክ ሲወጣ ይዞት ሄደ ወይስ ጠረጴዛ ላይ ተወው? ለኮፒ ወደ ውጭ ወጣ?
3. ያረፈበትን ቦታ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በቀስት አገናኙ።
4. ፋይል ደጋግሞ የሚያርፍባቸውን ቦታዎች «ጣቢያ» በሉ። ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ተጠያቂና አንድ ተተኪ በስም መድቡ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ነገር አለ፦ ፋይል በፋይል ውስጥ። የሁለት ጎረቤታሞች የወሰን ክርክር ይመጣል። ባለሙያው ለማመሳከር ብሎ የአንዱን ቀጭን ማህደር በሌላው ወፍራም ማህደር ውስጥ ያስገባል። ጉዳዩ ሲያልቅ ሁለቱም በወፍራሙ ቁጥር ተመልሰው መደርደሪያ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ቀጭኑን መዝገብ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ለዓመት ቢፈልጉትም አይገኝም፤ ጠፍቷል ተብሎ ጊዜያዊ ፋይል ይከፈትለታል። እንዲህ ያሉትን አሁን ለይታችሁ አውጡ። ደግነቱ ታግ ከተለጠፈ በኋላ በጣም የሚረዳው በዚህ ላይ ነው፤ ሪደሩ በወፍራሙ ማህደር ውስጥ የተደበቀውንም ያነባል።

ጣቢያ አታብዙ። ለመጀመሪያው ዙር ከ8 ካለፈ ሠራተኛው ይሰለቻል፣ ርክክቡም ይዘለላል። ኃላፊው ቢሮ የግድ ጣቢያ ይሁን። ኃላፊው ከሥርዓቱ ውጭ ከሆነ ሌላው ሠራተኛ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

ደረጃ 2፦ ቁጠሩ፣ ለዩ፣ ቁጥር ስጡ

ታግ ከመለጠፋችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን ማወቅ አለባችሁ። አቋራጭ የለውም። ጭምብልና ጓንት አድርጉ፤ የቆየ ማህደር አቧራ ሳንባ ይጎዳል።

ከመደርደሪያው አንድ ጫፍ ጀምሩ፤ እየዘለላችሁ አትቁጠሩ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሥሩ፦ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። ስትቆጥሩ ፋይሎቹን በአራት ክፈሉ፦ ቁጥራቸው ትክክል የሆኑ፣ ቁጥር የሌላቸው፣ አንድ ቁጥር ለሁለት የሚጋሩ፣ እና በርካታ ቅጽ (ጥራዝ) ያላቸው። የመጨረሻዎቹን ልብ በሉ። ቅጽ 1 እና ቅጽ 2 የየራሳቸው ታግ ያስፈልጋቸዋል፤ ምክንያቱም ለየብቻ ይጓዛሉ።

የተቀዳደደ ማህደር ካለ አሁኑኑ ሽፋኑን ቀይሩ። ታግ ከለጠፋችሁ በኋላ ሽፋን መቀየር ታጉንም መጣል ነው። የድሮውን ቁጥር በአዲሱ ሽፋን ላይ በግልጽ ጻፉ፤ የድሮውን ሽፋንም ጽሑፍና ማህተም ካለበት ከፋይሉ ጋር አያይዙት።

ማስጠንቀቂያ፦ «ይህ አያስፈልግም» ብላችሁ ምንም ነገር አትጣሉ፣ አታቃጥሉ። የመንግሥት ሰነድ የሚወገድበት ሥርዓት አለው፤ የቤተ መዛግብት አዋጅ ቁጥር 179/1991ም አለ። ያረጀውን በሳጥን ለይታችሁ ዝርዝሩን ጻፉና ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ጥያቄ አቅርቡ።

እዚህ ላይ ኃላፊዎች አንድ ነገር ይስሙኝ። መዝገብ ቤት ውስጥ ለዓመታት የሠራች ሴት የአንድን ማህደር ዘመን ከእጅ ጽሑፉ ትለያለች። የትኛው ባለሙያ ፋይል እንደሚያከማችም ታውቃለች። እሷን ሳታማክሩ የተሠራ ሲስተም አይቆምም። የቆጠራው መሪ እሷ ትሁን፤ የአይቲ ባለሙያው ረዳቷ ይሁን።

ደረጃ 3፦ መረጃውን ወደ ኮምፒውተር አስገቡ

በኤክሴል መጀመር ይቻላል። በኋላ ወደ ዳታቤዝ ይዛወራል። ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ መስመር፦ ተከታታይ ቁጥር፣ የድሮ የፋይል ቁጥር፣ የባለጉዳይ ስም ከነአባትና አያት፣ ቅጽ፣ መደርደሪያ። ከዚህ በላይ አታብዙ።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ» ይላል፣ ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ»። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ»ም እንደዚሁ። ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ። ስሙን በመታወቂያው ላይ እንዳለ ጻፉት፤ አትለውጡት። ሶፍትዌር ሠሪው ግን በፍለጋ ጊዜ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር አድርጉት። ይህን በውሉ ላይ አስጽፉ። በቃል ብቻ ከቀረ ይረሳል።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይመዝግብ፣ ለሠራተኛው ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳይ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የወጣ ፋይል ስክሪኑ ላይ «8፡00» ካለ ክርክር ይነሳል። ሶፍትዌሩን ከመረከባችሁ በፊት በጳጉሜን 3 ቀን ፋይል አውጥታችሁ ሞክሩት። 13ኛ ወር የማያውቅ ሶፍትዌር እዚያ ላይ ይቆማል።

ደረጃ 4፦ መሣሪያውን ምረጡ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩ

ሁለት ዓይነት ታግ ያጋጥማችኋል። አንደኛው በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራው ነው። ከጥቂት ሳንቲሜትር ይነበባል፤ ኤንኤፍሲ ያለው ስልክም ብዙዎቹን ያነባቸዋል። ሁለተኛው ዩኤችኤፍ የሚባለው ነው፤ ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል፣ ከጥቂት ሜትር ርቀትም በአንድ ጊዜ ብዙ ታግ ያነባል።

ፋይላችሁ ከጥቂት መቶ የማይበልጥ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ወይም እንዲያውም ተራ ባርኮድ ይበቃችኋል። ፋይሉ ሺዎች ከሆነና ዋናው ችግር ፍለጋ ከሆነ ዩኤችኤፍ ምረጡ። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ስለ ዩኤችኤፍ ነው።

ፍሪኩዌንሲ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሪደር ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ይሠራል። የ900 ሜጋኸርዝ የሞባይል አገልግሎት ደግሞ ከ880 እስከ 915 ያለውን ከስልክ ወደ ማማ ለመላክ ይጠቀምበታል። ሁለቱ ይደራረባሉ፤ ሊረባበሹም ይችላሉ። የአውሮፓው ደረጃ ከ865 እስከ 868 ነው፤ በዚያ ላይ ሊስተካከል የሚችል ሪደር ጠይቁ። ከማዘዛችሁ በፊት የሞዴሉን ስም ይዛችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ የሬዲዮ መሣሪያ የዓይነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። አቅራቢው «ችግር የለም» ቢል ወረቀቱን አሳየን በሉት።

ናሙና ሙከራ። አንድ በእጅ የሚያዝ ሪደርና 100 ታግ በውሰት አምጡ፤ ከባድ ጨረታ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ይህን ሥሩ። አቅራቢው ሪደሩን በራሱ ቢሮ፣ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲያሳያችሁ በረከቱ ብዙ ነው። የእናንተ መዝገብ ቤት ግን ሌላ ነው። በከተማው ዳር ካሉት ብዙዎቹ ጊዜያዊ ቆርቆሮ ቤት ወይም ኮንቴይነር ውስጥ ናቸው። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል። ኮንቴይነር ውስጥ ቆማችሁ ፊት ለፊት ያለውን መደርደሪያ ስታነቡ ከኋላችሁ ያለውም አብሮ ይነበባል። በተቃራኒው፣ በሩ የተዘጋ የብረት ካቢኔት ውስጥ ያለ ፋይል ጭራሽ አይነበብም። በሩን ከፍታችሁ ብቻ ነው የምታነቡት።

ውሃ ደግሞ ሞገዱን ይውጠዋል። በክረምት ግድግዳ ተደግፎ የቆየ ማህደር እርጥበት ይጠጣል፤ በበጋ ከ3 ሜትር የተነበበው በሐምሌ ከ1 ሜትርም ላይነበብ ይችላል። መደርደሪያውን ከግድግዳው አርቁት፣ ከወለሉም አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት። ይህ ለወረቀቱ ዕድሜም ይበጃል።

ሙከራውን በሦስት ቦታ ሥሩ፦ በተጨናነቀው መደርደሪያ፣ በኮንቴይነሩ ጥግ፣ በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ። ከ100ው ስንቱ እንደተነበበ ጻፉ። በተጨናነቀው መደርደሪያ ላይ ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አሳልፋችሁ ከ95 በታች ከሆነ ሌላ ዓይነት ታግ አስመጡና ድገሙት።

በቢጋሩ ላይ የግድ ይግቡ፦ ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠራ ሶፍትዌር፤ በሁሉም አቅጣጫ የተለጠፈ ታግ የሚያነብ፣ ሰርኩላር ፖላራይዝድ የሆነ አንቴና፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ የሚደረግ ሪደር፤ መረጃው በማንኛውም ጊዜ በኤክሴል ሊወጣ የሚችል መሆኑ፤ እና ተጨማሪ ታግ። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ከፋይላችሁ ብዛት ቢያንስ 15 በመቶ አብልጣችሁ እዘዙ። አለበለዚያ በመሐል ታግ አልቆ ግማሹ ታግ ያለው፣ ግማሹ የሌለው መዝገብ ቤት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ደረጃ 5፦ ታግ ለጥፉ

ቁጥሩን አዘጋጁ። አብዛኛው ታግ 96 ቢት ይይዛል፤ በ24 አኃዝ (ከ0 እስከ 9 እና ከA እስከ F) ይጻፋል። እንዲህ ክፈሉት፦ የመጀመሪያዎቹ 6 «የእኛ ፋይል ነው» የሚል የማይለወጥ ምልክት፣ ቀጣዮቹ 12 ተከታታይ ቁጥር፣ 2 ለቅጽ፣ 2 ለስንተኛ ጊዜ የተለጠፈ ታግ እንደሆነ፣ የቀሩት 2 ዜሮ። የመጀመሪያው ምልክት ያስፈለገው ከሱቅ በተገዛ ልብስ ላይ ያለ ታግም ስለሚነበብ ነው። ሶፍትዌሩ የእናንተን ብቻ ለይቶ ይውሰድ።

የወረዳ ቁጥር ታጉ ውስጥ አታስገቡ። ወረዳ ይከፈላል፣ ይዋሃዳል። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. አዲስ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲደራጅ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ፋይል ይዛወራል፤ ታጉ ግን እንደነበረ መቀጠል አለበት። የት እንዳለ በዳታቤዙ ውስጥ ብቻ ይቀየር።

የባለጉዳይ ስም፣ ስልክ ወይም የፋይዳ ቁጥር ታጉ ላይ በፍጹም አይጻፍ። ታጉን ማንም ሪደር ያለው ሰው ሊያነበው ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የሕግ ጉዳይም ነው።

አለጣጠፉ።

1. ማህደሩን ጠረጴዛ ላይ አኑሩ። ሌሎች ታጎችን ቢያንስ 2 ሜትር አርቁ። በሚጻፍበት ጊዜ ሁለት ታግ ከቀረበ ቁጥሩ በተሳሳተው ላይ ይጻፋል።
2. የማህደሩን ተከታታይ ቁጥር በኮምፒውተር ፈልጉ። ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ጓደኛችሁ ከሽፋኑ ጋር ያመሳክር።
3. ቁጥሩን ታጉ ላይ ጻፉ።
4. ታጉን በኋለኛው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ፣ ወደ ጀርባው ጠርዝ አስጠግታችሁ ለጥፉ። ከብረት ፋስትነሩ ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር ይራቅ።
5. ወዲያው መልሳችሁ አንብቡ። ስክሪኑ ላይ የመጣው ስም ከሽፋኑ ጋር ካልገጠመ እዚያው አርሙ፤ «በኋላ» አትበሉ።
6. በይለፍ ቃል ቆልፉት። ፋብሪካው ያስቀመጠው የይለፍ ቃል ዜሮ ስለሆነ ቀይሩት። ቃሉን በታሸገ ፖስታ ኃላፊው ካዝና ውስጥ አስቀምጡ።
7. በሽፋኑ ውጭ ያንኑ ተከታታይ ቁጥር ከነባርኮዱ አትማችሁ ለጥፉ። ቺፑ ቢሞት ወረቀቱ ይናገራል።

ከፍታውን ለዋውጡ። ቀጫጭን ማህደሮች ተጣብቀው ሲቆሙ ታጎቹ ይደራረቡና እርስ በርስ ይጋረዳሉ። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቦታ አትለጥፉ። ተራውን ጠብቁ፦ አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን መሐል፣ ሦስተኛውን ከታች፣ አራተኛውን እንደገና ከላይ። ቀላል ቢመስልም በንባቡ ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በታጉ ላይ ስቴፕለር አይምታ፣ ፐንች አይብሳው፣ በመሐሉ አይታጠፍ። አንቴናው ከተቆረጠ ታጉ ሞተ። በታጉ ላይ በቀይ «እዚህ አትብሱ» የሚል ጽሑፍ አሳትሙ።

ደረጃ 6፦ ርክክቡን አስተካክሉ

ሙሉ ሥራው የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ነው። ከሁሉም በላይ አስምሩበት።

ደንቡ አንድ ነው፦ ተቀባዩ ያንብብ። ሰጪው አይደለም። ፋይሉ ተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ እስኪነበብ ድረስ በሰጪው ስም ይቆያል።

ብዙ ቦታ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «ወጥቷል» ብላ ትመዘግባለች። ተላላኪው ይዞ ይሄዳል። ቡድን መሪው ስብሰባ ላይ ስለሆነ ፋይሉን መስኮት ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። ከዚያ ፋይሉ የማንም አይደለም። የሚያነበው ተቀባዩ ከሆነ ግን እስኪቀበል ድረስ የቀድሞው ያዥ እረፍት አይኖረውም፤ «እባክህ አንብብልኝ» እያለ ይከታተላል። ክትትሉን የሚሠራላችሁ ይህ ነው።

የጠረጴዛ ሪደር አተካከል። በየጣቢያው በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ ሪደር አስቀምጡ። ኃይሉን መጀመሪያ ወደ ዝቅተኛው አውርዱ። አንድ ፋይል በሪደሩ ሰሌዳ ላይ አድርጉ፣ ሌላ ፋይል በአንድ ክንድ ርቀት አኑሩ። ሰሌዳው ላይ ያለው ብቻ እስኪነበብ ኃይሉን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ይህን ካልሠራችሁ የጎረቤት ባለሙያ ፋይል በእናንተ ስም ይመዘገባል፤ ሠራተኛው አንዴ በማያውቀው ፋይል ከተጠየቀ ሲስተሙን ዳግም አያምነውም። ጠረጴዛው ብረት ከሆነ ከሪደሩ ሥር ወፍራም እንጨት ወይም ካርቶን አድርጉ።

ፋይል ይዞ ወደ መስክ የሚወጣ ካለ «መስክ» የሚል ጣቢያ ክፈቱና በስሙ ከነመመለሻ ቀኑ ይመዝገብ። ወደ ክፍለ ከተማ የሚላክም እንዲሁ፤ መሸኛ ደብዳቤው ላይ የታጉ ተከታታይ ቁጥር ይጻፍ።

ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሲለቅ ክሊራንስ ከመፈረሙ በፊት በስሙ ያለው ፋይል ዜሮ መሆኑ ይታይ። ይህን የሰው ኃይል ክፍሉ በቅጹ ላይ እንዲያስገባ አሁኑኑ ተነጋገሩ።

አንድ ነገር ለኃላፊዎች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሪፖርት ለግምገማ አትጠቀሙበት። ሠራተኛው ሲስተሙ የመጣው እኔን ለመቅጣት ነው ብሎ ካሰበ ፋይሉን ሳያነብ በእጁ ያስተላልፋል።

ደረጃ 7፦ የበር ሪደር? ቆይ

አቅራቢዎች መጀመሪያ የሚያሳዩት በር ላይ ተተክሎ የሚያልፈውን ፋይል የሚያነበውን ሪደር ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ይከብዳል። እኔ ብጠየቅ ለመጀመሪያው ዓመት አትግዙ እላለሁ። የሰው አካል አብዛኛው ውሃ ነው። ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚወጣ ሰው ሳይነበብ ሊያልፍ ይችላል። በሩ አጠገብ ያለ መደርደሪያም ሳይንቀሳቀስ «ወጣ» ይባላል። ርክክቡ ሲለመድ ያኔ ታስቡበታላችሁ። ያ ገንዘብ ለሁለተኛ የእጅ ሪደር ቢውል ይሻላል።

ደረጃ 8፦ የዕለት ሥራ

ጠዋት ባለጉዳይ ከመግባቱ በፊት የእጅ ሪደሩን ይዛችሁ በጣቢያዎቹ ዙሩ። እያንዳንዱን ጠረጴዛ አንብቡ። በሲስተሙ ሌላ ቦታ ያለ የሚመስል ፋይል ካገኛችሁ እዚያው ከያዡ ጋር አስተካክሉ። በየሳምንቱ ደግሞ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ቁጠሩ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ለመቁጠር አትሞክሩ።

ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ውስጥ ይሁን። ደህና ዴስክቶፕ፣ ዩፒኤስና አንድ የዋይፋይ ራውተር ይበቃል። የውስጥ ዋይፋይ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኔትወርክ ሲጠፋ ባለጉዳይን «ሲስተም የለም» ብሎ መመለስ አይኖርም። ባክአፕ በየቀኑ በሃርድ ዲስክ ይወሰድ፤ ዲስኩም ከሰርቨሩ በተለየ ሕንፃ ይቀመጥ።

መብራት ሲጠፋ። በየጣቢያው ባለ አራት ዓምድ ቅጽ ይኑር፦ ተከታታይ ቁጥር፣ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ ሰዓት። መብራት ሲመጣ በዚያው ቀን ይግባ። ያደረ ቅጽ ሳይገባ ይቀራል። የእጅ ሪደሩ በባትሪ ስለሚሠራ ያነበበውን ይዞ ይቆያል፤ ማታ ማታ ቻርጅ ማድረጉን አትርሱ።

ፋይል ሲጠፋ የፍለጋ ቅደም ተከተል

1. ለመጨረሻ ጊዜ የተነበበበትን ጣቢያና ሰዓት እዩ።
2. በዚያን ዕለት አብረው የተነበቡትን ፋይሎች አውጡ። አንዱ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል።
3. የእጅ ሪደሩን በፍለጋ ሞድ ላይ አድርጉ፣ ቁጥሩን አስገቡ። ሲቀርብ ድምፁ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ይዘገያል።
4. ኃይሉን ከፍ አድርጋችሁ ክፍሉን ዙሩ። ድምፅ ስትሰሙ ኃይሉን ግማሽ አውርዱና ቅረቡ። እንደገና አውርዱ። ሞገድ በብረት ስለሚነጥር በከፍተኛ ኃይል ብቻ ከፈለጋችሁ የተሳሳተ ጥግ ትቆፍራላችሁ።
5. የብረት ካቢኔትና መሳቢያ ሁሉ ተከፍቶ ይነበብ። የኃላፊው ካዝናም እንዲሁ።
6. ካልተገኘ ከመሬት የወደቀ፣ ከመደርደሪያ ኋላ የገባ ወይም ታጉ የሞተ ሊሆን ይችላል። በዓይን፣ በውጭው ቁጥር ፈልጉ።
7. አሁንም ከሌለ በቃለ ጉባኤ መዝግቡ። ጊዜያዊ ፋይል ከተከፈተ አዲስ ታግ ይሰጠው፣ «ጊዜያዊ» የሚል ምልክት ይኑረው፣ ከዋናው ቁጥር ጋር ይያያዝ። የድሮው ታግ አይሰረዝም፤ አንድ ቀን ቢነበብ ሲስተሙ ያስጠንቅቅ።

ሌሎች የሚገጥሙ ችግሮች

ትናንት ይነበብ የነበረው ዛሬ አይነበብም። ታጉን ዳስሱ። እርጥበት፣ ስቴፕለር ወይም እጥፋት አለ? ካለ አዲስ ታግ ለጥፉ፣ የስንተኛነት ቁጥሩን በአንድ ከፍ አድርጉ፣ የድሮውን ላጡ።

ሁለት ፋይል አንድ ስም ያሳያል። ሲጻፍ ሁለት ታግ ቀርቦ ነበር ማለት ነው። ሁለቱንም አንስታችሁ በየብቻቸው እንደገና ጻፉ። እያንዳንዱ ቺፕ ከፋብሪካ የማይለወጥ የራሱ መለያ ስላለው ቁጥሩ ቢመሳሰል እንኳ ሁለቱን መለየት ይቻላል። ይህ መለያ ከመጀመሪያው ዳታቤዙ ውስጥ ይመዝገብ።

ሪደሩ ያነባል፣ ኮምፒውተሩ አይቀበልም። የዩኤስቢ ገመዱን ቀይሩ፤ ካልሆነ ብሉቱዙን አጥፍታችሁ አገናኙ። ፕሮግራሙን ደግማችሁ አትጫኑ፤ በዚህ ምክንያት ያልተላከ መረጃ ሊጠፋ ይችላል።

ሠራተኛው አያነብም። ጣቢያው ከመንገዱ ይርቅ ይሆናል። ሪደሩን እሱ በተለምዶ ፋይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ አዛውሩት።

የድሮው ደብተር መቼ ይዘጋል?

በአንድ የሥራ ክፍል ብቻ ጀምሩ። ከከተማ ዳር መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ የመሬት ይዞታው ክፍል ጥያቄ የሚበዛበት ስለሆነ የመጀመሪያ ሊሆን ይገባዋል የሚል ሐሳብ ይመጣል። እኔ አልመክርም። በጣም የሚከራከሩበትን ፋይል ለመለማመጃ አታድርጉት። ባለጉዳይ ባነሰበት ክፍል ጀምራችሁ ልመዱት፤ ይዞታው ሁለተኛ ይሁን።

ደብተሩን ከሲስተሙ ጎን ለጎን ያዙ። በየሳምንቱ አርብ ከደብተሩ 30 መስመር በዘፈቀደ ምረጡ። ሲስተሙ ጋ ሂዱ፣ ከዚያም ጠረጴዛው ጋ ሄዳችሁ ፋይሉን በእጃችሁ ንኩ። ሦስቱም ከገጠመ ትክክል በሉት። ለስምንት ተከታታይ ሳምንታት ሠላሳዎቹም ሲገጥሙ የዚያን ክፍል ደብተር በመጨረሻው መስመር ሥር ቀይ መስመር አስምሩ፣ ኃላፊውና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ይፈርሙበት፣ ደብተሩም እንደ ማንኛውም ሰነድ ቁጥርና ታግ ተሰጥቶት መደርደሪያ ይግባ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ክፍል እለፉና ከደረጃ 1 ጀምሩ።